የመቂ ሶላር ፓምፕ፦ በሦስት አገር የተሠራ የመለኪያ ሳጥን የሥራ ማስታወሻ

መስከረም መጨረሻ፣ 2017 ዓ.ም

ሥራው ምን እንደሆነ ላስቀድም። መቂ አካባቢ ሽንኩርትና ቲማቲም የሚያመርቱ ገበሬዎች ውሃ የሚስቡት በአብዛኛው በናፍጣና በቤንዚን ሞተር ነው። አሁን አሁን ወደ ሶላር ፓምፕ የዞሩም አሉ። እኛ ከነዚህ ፓምፖች በአንዱ ላይ የመለኪያ ሳጥን ልንገጥም ነው። ሳጥኑ የፀሐዩን ብርሃን፣ ፓምፑ የሚወስደውን ኤሌክትሪክ፣ የሚወጣውን ውሃ እና ጉድጓዱ ውስጥ የቀረውን ውሃ ይለካል።

ሦስት ቡድን ነን። እኛ አዲስ አበባ ነን፤ አንዱ ቡድን ጀርመን፣ አንዱ ደግሞ ኬንያ፣ ናይሮቢ ነው። ኬንያውያኑ ተመሳሳይ ሳጥን ናይቫሻ ሐይቅ አጠገብ ይተክላሉ። ጀርመኖቹ የኮምፒውተር ሞዴሉን ይሠራሉ፣ ሴንሰሮቹንም በላቦራቶሪ ይፈትሻሉ። መቂ አጠገብ ያለው ዝዋይና ናይቫሻ ሁለቱም ስምጥ ሸለቆ ውስጥ ያሉ፣ ውሃቸው ጨው ያልሆነ ሐይቆች ናቸው። ሁለቱም ዙሪያቸው የአበባ እርሻና መስኖ ነው። ስለዚህ ማነጻጸሩ ትርጉም አለው።

ጉድጓዱን መለካት ለምን አስፈለገ? የናፍጣ ሞተር ባለቤቱን በየሊትሩ ያስከፍለዋል። ማሳው ሲጠግብ ወዲያው ያጠፋዋል። ሶላር ግን አንዴ ከተገዛ በኋላ የነዳጅ ሂሳብ የለበትም። ፀሐይ እስካለች ድረስ ቢስብ ከኪሱ የሚወጣ ነገር የለም። ለገበሬው ትልቅ እፎይታ ነው፤ እኔም ሶላሩ እንዲስፋፋ ከልቤ እፈልጋለሁ። የከርሰ ምድር ውሃውን ሲጠብቅ የኖረው ግን ሳይታሰብ ያ የናፍጣ ወጪ ነበር። እሱ ሲነሳ ሌላ መጠበቂያ ያስፈልጋል። የመጀመሪያው መጠበቂያ ደግሞ ማወቅ ነው።

ጥቅምት 5

ከሽቦው በፊት ወረቀቱ። በአውሮፓ ኅብረት የሆራይዘን ዩሮፕ የምርምር ፕሮግራም የሚደገፉ ሥራዎች በመጀመሪያዎቹ 6 ወራት ውስጥ የዳታ አያያዝ ዕቅድ እንዲያስረክቡ ይጠበቃል። እኛም ዕቅዳችንን በዚያው መልክ አዘጋጀን። ብዙ ሰው ይህን እንደ ቢሮ ሥራ ያየዋል። ለእኔ ግን የፕሮጀክቱ እምብርት ነው።

ምክንያቴ ቀላል ነው። መሣሪያው እዚህ ተተክሎ ዳታው ባሕር ማዶ ብቻ ሲከማች አይቻለሁ። ገንዘቡ ሲያልቅ የይለፍ ቃሉን የሚያውቀው ሰው ወደ ሌላ ሥራ ይሄዳል። ሳጥኑ ግድግዳ ላይ ተሰቅሎ ይቀራል። ባለቤቱም ምን ይለካ እንደነበር ሳይነገረው ይቀራል።

ስለዚህ የጠየቅነው ግልጽ ነበር። ዳታው ጀርመን በሚደርስበት ቅጽበት አዲስ አበባ ያለው ሰርቨር ላይም ይደርሳል። ገበሬው የራሱን ቁጥር ከማንም በፊት በስልኩ ያገኛል። ለሕዝብ በሚለቀቀው ፋይል ላይ የማሳው ትክክለኛ ቦታ አይወጣም፤ ማሳው ከታወቀ ሰውየው ታወቀ ማለት ነውና። አውሮፓ ከ2018 እ.ኤ.አ ጀምሮ ጂዲፒአር የተባለውን የግል ዳታ ጥበቃ ሕግ ያስፈጽማል። እኛም በ2016 የወጣ የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321 አለን። ጀርመኖቹ አልተከራከሩም። የናይሮቢዎቹማ ያንኑ ጥያቄ ይዘው ነበር የመጡት።

ጥቅምት 17

ዛሬ ጀርመን ሰዓቷን ወደኋላ መልሳለች። ከእኛ ጋር ያለው ልዩነት ከ1 ወደ 2 ሰዓት አደገ። ናይሮቢ ከእኛ ጋር እኩል ናት። ስብሰባችን ከቀኑ 9 ሰዓት ወደ 10 ሰዓት ተዛወረ።

ሳጥኑ ውስጥ ያለው ሰዓት ግን አንድ ብቻ ነው፤ እሱም ዩቲሲ፣ ማለትም ዓለም አቀፉ የጋራ ሰዓት። ሁሉም ንባብ በዚያ ይመዘገባል። ገበሬው ዘንድ የሚደርሰው መልእክት ብቻ ወደ እኛ አቆጣጠር ይዞራል። በዩቲሲ 3 ሰዓት ሲል እኛ ዘንድ ከንጋቱ 12 ሰዓት ነው።

ጥቅምት 24

የሶላር ሰሌዳው ስንት ዲግሪ ይዘንበል? ለአንድ ሳምንት ስንመላለስበት የከረምነው ይህ ነው።

የአውሮፓ ኮሚሽን የጋራ ምርምር ማዕከል ያዘጋጀው ፒቪጂአይኤስ የሚባል ነፃ የኢንተርኔት መሣሪያ አለ። አፍሪካንም ይሸፍናል። ካርታው ላይ ቦታችሁን ትነካላችሁ፣ በየወሩ ምን ያህል ፀሐይ እንደሚደርስና የትኛው ማዘንበያ ለዓመቱ የተሻለ እንደሚሆን ይነግራችኋል። ሶላር ለሚያስገጥም ሰው ሁሉ የምመክረው ነው።

መቂ ከምድር ወገብ በስተሰሜን 8 ዲግሪ ላይ ናት። ጀርመን ውስጥ ሰሌዳ በደንብ ተዳፍቶ ወደ ደቡብ ነው የሚቆመው። እዚህ ግን ፀሐይ በዓመት ሁለቴ፣ ሚያዝያ መጀመሪያና ነሐሴ መጨረሻ ላይ፣ በቀጥታ አናታችን ላይ ትውላለች። በሁለቱ መካከል፣ ማለትም በክረምቱ፣ የእኩለ ቀኗ ፀሐይ ወደ ሰሜን ታልፋለች። የዓመቱን ድምር ብቻ ካየን ሰሌዳው ለጥ ሊል ምንም አይቀረው።

ገበሬው ግን ውሃ የሚፈልገው ዓመቱን ሙሉ እኩል አይደለም። በክረምት ዝናቡ ያጠጣለታል። ፓምፑ የሚደክመው ከጥቅምት እስከ የካቲት ነው። በታኅሣሥ የእኩለ ቀኗ ፀሐይ ከአናታችን 31 ዲግሪ ያህል ወደ ደቡብ ትወርዳለች። ስለዚህ 20 ዲግሪ ወደ ደቡብ እንዲያዘነብል ወሰንን። በክረምት የምናጣው ጥቂት ጉልበት ማንም የማይፈልገው ነው። በበጋ የምናገኘው ደግሞ ሽንኩርት ላይ ይውላል። ጀርመናዊቷ ባልደረባችን ፒቪሊብ በሚባለው፣ በፓይተን የፕሮግራም ቋንቋ በተጻፈ የኮድ ስብስብ ሠርታ በየወሩ የሚሆነውን አወጣችልን፤ ሂሳቡ ተስማማ። ዝናብ አቧራውን ይዞ እንዲወርድም መዳፋቱ ይረዳል።

ገበሬው ሲያዩት የጨመሩት አንድ ነገር ነበር። «ከፍ አድርጉት፤ በሬ ይታከክበታል» አሉ። እግሩ በአንድ ክንድ እንዲረዝም ተደረገ። በሬውም ቀረ፣ ከስርም ነፋስ የሚያልፍበት ቦታ ተገኘ። ነፋሱ ቀላል ነገር አይደለም። ሰሌዳ የሚለካው በ25 ዲግሪ ሙቀት ነው፤ ከዚያ በላይ በየዲግሪው ከ0.3 እስከ 0.4 በመቶ ጉልበቱ ይቀንሳል። 55 ዲግሪ የደረሰ ሰሌዳ ከአቅሙ 10 በመቶ ገደማ አጥቷል ማለት ነው።

ኅዳር 3

ሳጥኑን መገጣጠም ጀመርን። ዋናው ቦርድ ኢኤስፒ32 የምትባል ትንሽ ኮምፒውተር ነው። የመረጥነው አዲስ አበባ ውስጥ ስለሚገኝና ሲበላሽ በዚያው ቀን ስለሚተካ ነው። የራሱ የቮልቴጅ መለኪያ ግን ቮልቴጁ በጣም ሲያንስና በጣም ሲበዛ በትክክል አያነብም። ስለዚህ ኤዲኤስ1115 የሚባለውን ባለ 16 ቢት መለኪያ ቺፕ ጨመርንበት።

ያስቸገረን ዳታውን በስልክ ኔትወርክ የሚልከው የሞባይል ሞጁል ነው። ጠረጴዛ ላይ ይበራል፣ ኔትወርክ ይፈልጋል፣ ይጠፋል። ተመልሶ ይበራል፣ ይፈልጋል፣ ይጠፋል። ቴስተር ሲደረግበት 4 ቮልት ቀጥ ብሎ ይታያል። ቴክኒሻናችን የቮልቴጁን ፈጣን ለውጥ በሥዕል የሚያሳይ ኦሲሎስኮፕ አምጥቶ ሲያየው ምስጢሩ ተገለጠ። ሞጁሉ ከአንቴናው ጋር በሚነጋገርበት ቅጽበት እስከ 2 አምፔር ይስባል። ያኔ ቮልቴጁ ለአፍታ ብቻ በጣም ይወርዳል። ቴስተር ያን አፍታ አያይም።

መድኃኒቱ ርካሽ ነው። ኤሌክትሪክ ለአፍታ የሚያጠራቅም 1000 ማይክሮፋራድ ካፓሲተር ከሞጁሉ እግር አጠገብ ተበየደ። ቀጭኑና ረጅሙ ሽቦ ወጥቶ ወፍራምና አጭር ገባ። ለሞጁሉም የራሱ የኃይል ምንጭ ተሰጠው። ከዚያ በኋላ አልጠፋም። ፎቶውንና ሥዕሉን ለናይሮቢዎቹ ላክንላቸው። እነሱም ከዚሁ ችግር ጋር ሲታገሉ ነበር።

መልእክቱ ወደ ሰርቨር የሚሄደው ኤምኪውቲቲ በሚባል የመልእክት መላኪያ ዘዴ ነው። ይህ ዘዴ በ1999 እ.ኤ.አ የተፈጠረው የነዳጅ ቧንቧዎችን በሳተላይት ለመከታተል ነበር። ደካማና ውድ ለሆነ መስመር የታሰበ ስለሆነ ከእኛ ኔትወርክ ጋር ይስማማል። መስመር ሲጠፋ ንባቡ ሜሞሪ ካርድ ላይ ይቆያል፤ ሲመለስ በተራው ይላካል።

ታኅሣሥ 6

መቂ። ካቻቢቴ፣ ፒንሳ፣ ናስትሮ፣ ገመድ፣ ሳጥኑ። ጠዋት ጀምረን ፀሐይ ሳትበረታ ሰሌዳው ላይ ያለውን ጨረስን። የውሃ ቆጣሪው ከቱቦው ጋር ተገጠመ። በየ10 ሊትሩ አንድ ምት ይሰጣል፤ ቦርዱ ምቱን ይቆጥራል።

እዚያው ቆመን ለገበሬውና ለጎረቤቶቻቸው ሂሳቡን አስረዳን። አንድ ሜትር ኩብ ውሃ፣ ማለትም 5 በርሜል፣ አንድ ሜትር ከፍ ለማድረግ 2.7 ዋት-ሰዓት ገደማ ይፈጃል። ይህ የተፈጥሮ ሕግ ነው፤ የትኛውም ፓምፕ ከዚህ በታች አይወርድም። እኛ 12 ሜትር ነው የምናወጣው። ፓምፑና ሞተሩ የሚያባክኑትን ጨምረን ከመቶ 40ው ብቻ ለውሃው ይደርሳል ብንል፣ አንድ ኪሎዋት-ሰዓት 60 በርሜል ያህል ያወጣል። አንዱ ጎረቤት ወዲያው «ታዲያ ውሃው ሲርቅ በርሜሉ ይቀንሳል ማለት ነው» አለ። አዎ፣ ነገሩ ሁሉ እሱ ነው።

ታኅሣሥ 8

የጉድጓዱ ቁጥር አልገጠመም።

ውሃውን የምንለካው ጉድጓዱ ውስጥ በተዘፈቀ የግፊት ሴንሰር ነው። ከላዩ ያለው ውሃ በበዛ ቁጥር ግፊቱ ይጨምራል። ድንጋይ ያሰርንበት ገመድ አውርደን ስንለካ ግን ሴንሰሩ ከገመዱ በ1.8 ሜትር ገደማ ያነሰ ነው የሚለው። ለጥልቅ ጉድጓድ 1.8 ሜትር ትንሽ ይመስላል። እዚህ ግን የውሃው ቁመት ራሱ 3 ሜትር አካባቢ ነው።

ማታ ስንመረምረው መልሱ ኮዱ ውስጥ ተገኘ። የእኛ ዓይነቱ የተዘፈቀ ሴንሰር ውሃውን ብቻ ሳይሆን ከውሃው በላይ ያለውን አየርም ይመዝናል። ስለዚህ የአየሩ ግፊት መቀነስ አለበት። የተጠቀምንበት የጋራ ኮድ የሚቀንሰው 101.3 ኪሎፓስካል ነው። ይህ በባሕር ወለል ላይ ያለ ግፊት ነው። ዝዋይ አካባቢ ከባሕር ወለል በላይ 1,640 ሜትር ገደማ ነው፤ እዚህ የአየሩ ግፊት 83 ኪሎፓስካል ያህል ነው። ልዩነቱ 18 ኪሎፓስካል ነው። አንድ ሜትር ውሃ 9.8 ኪሎፓስካል ነው። አካፍሉት፤ 1.8 ሜትር።

ሰሜን ጀርመን ሜዳ ላይ ቢሆን ይህ በጭራሽ አይታይም ነበር። ናይቫሻ ደግሞ ከእኛም ከፍ ያለች ናት፤ እዚያ ከ2 ሜትር በላይ ይሳሳት ነበር። ወዲያው ደወልንላቸው። ገና ሴንሰሩን አልዘፈቁም።

አንድ ቋሚ ቁጥር በሌላ ቋሚ ቁጥር መተካት እንችል ነበር። አላደረግነውም። በሞቃት አገር የአየር ግፊት በቀን ውስጥ ሁለቴ ይወጣል፣ ሁለቴ ይወርዳል፤ ይህ ብቻውን የጉድጓዱን ንባብ በጥቂት ሴንቲ ሜትር ያወዛውዘዋል። ስለዚህ ሳጥኑ ውስጥ የአየር ግፊት የሚለካ ትንሽ ባሮሜትር ገባ። ዋጋው ከሁሉም ዕቃ በታች ነው። አሁን ሴንሰሩና ገመዱ ይስማማሉ። ማስተካከያውም በዚያው ሳምንት ለሦስቱም አገር የሚያገለግለው ኮድ ውስጥ ገባ።

የጋራ ምርምር ስል በልቤ የማስበው ይህን ነው። መቂ ላይ ገመድ ያወረደ ሰው ያገኘው ነገር ሌላ አገር ያለውን ኮድ ያርማል፤ ሦስተኛው አገር ደግሞ ሳይሳሳት ይጀምራል።

ከታኅሣሥ አጋማሽ እስከ ጥር 11

መጀመሪያ የጀርመኖቹ ገና፣ ከዚያ የእኛ ገና፣ ቀጥሎ ጥምቀት። ስብሰባ አልነበረም። ሳጥኑ ግን ሠርቷል።

ጥር 16

የስልክ መልእክቱ። ይህን ክፍል የምንወደው ሁላችንም ነን።

በመጀመሪያው ንድፍ ላይ የነበረው «የዕለቱ ኃይል በኪሎዋት-ሰዓት፣ የውሃ መጠን በሜትር ኩብ» ነበር። ገበሬው መልእክቱን አዩት። ስምንተኛ ክፍል የሆነችው ልጃቸው አነበበችላቸው። ከዚያ «ልጄ፣ ያወጣሁትንማ ማሳዬ ላይ አየዋለሁ። የማላየው ታች ያለውን ነው» አሉኝ። ለምን ጠዋት እንደሚፈልጉትም ነገሩን። ሌሊቱን ውሃው ተመልሶ ስንት እንደደረሰ ካወቁ ዛሬ የትኛውን መደብ እንደሚያጠጡና የቱን ለነገ እንደሚያሳድሩ ይወስናሉ።

ሁሉም ተቀየረ። መልእክቱ ማታ መሄዱ ቀርቶ ከንጋቱ 12 ሰዓት ሆነ። የጉድጓዱ ከፍታ ፊት መጣ። ሜትር ኩቡ በርሜል ሆነ። ኪሎዋት-ሰዓቱ ወጣ፤ ለእኛ ሰርቨር ላይ አለ።

ቋንቋውን እሳቸው መረጡ፤ ኦሮምኛ። ጎረቤታቸው ደግሞ አማርኛ ይሻለኛል አለ። እዚህ ላይ ቴክኒካል ጉዳይ አለ። አንድ ኤስኤምኤስ በላቲን ፊደል 160 ፊደል ይይዛል፤ ስለዚህ በቁቤ የተጻፈ ኦሮምኛ እንደ ልብ ነው። በግዕዝ ፊደል ሲጻፍ ግን እያንዳንዱ ፊደል ሁለት ባይት ስለሚወስድ 70 ብቻ ይይዛል። ከዚያ ካለፈ ለሁለት ይከፈላል፤ ዋጋውም እጥፍ ይሆናል። የአማርኛውን እንዲህ አሳጠርነው፦

«ጉድጓድ 3.1 ሜትር ውሃ አለው። ትናንት የወጣ 190 በርሜል።»

40 ፊደል አካባቢ ነው። ሞጁሉ የግዕዝ ፊደል እንዲልክ ጽሑፉ ወደ ዩኒኮድ፣ ማለትም ለየፊደሉ ወደተሰጠው ዓለም አቀፍ ቁጥር፣ ተቀይሮ ነው የሚሰጠው። ተማሪያችን የጻፈችው ኮድ ለትግርኛም ለአማርኛም ይሠራል። ለብቻው ነፃ አድርገን እንለቀዋለን፤ የጤና ጣቢያ ፍሪጅ የሚከታተልም ሆነ ሌላ ሰው ቢወስደው ደስ ይለናል።

የካቲት 10

አቧራ። ከመንገዱና ከታረሰው ማሳ የሚነሳው አቧራ ሰሌዳው ላይ ሲተኛ ግራፉ ላይ ይታያል። ብርሃኑ ያው ነው፣ ኤሌክትሪኩ ግን በየቀኑ ትንሽ ትንሽ ይቀንሳል። በታጠበ ማግስት ቀጥ ብሎ ይነሳል። ምክራችን ጠዋት፣ መስታወቱ ሳይሞቅ፣ በለስላሳ ጨርቅ ማጠብ ነው። በእኩለ ቀን በጋለ መስታወት ላይ ቀዝቃዛ ውሃ መድፋት ሊሰነጥቀው ይችላል። ልጅቷ በየሳምንቱ ቅዳሜ ጠዋት ታጥበዋለች።

መጋቢት 4

የበልግ ደመና ጀምሯል። ጀርመናዊቷ ባልደረባችን ዛሬ በጥርጣሬ ጻፈች። የብርሃን ሴንሰሩ በካሬ ሜትር ከ1,200 ዋት በላይ አንብቧል። ሰሌዳዎች የሚፈተኑት በ1,000 ነው። ሴንሰሩ ተበላሽቶ ይሆን?

አልተበላሸም። ሰማዩ በተበጣጠሰ ደመና ሲሞላና ፀሐይ በመካከሉ ስትወጣ፣ ቀጥታ ከሚመጣው ብርሃን ላይ ከደመናው ጠርዝ የሚበተነው ይጨመርበታል። ለጥቂት ሰከንድ ወይም ደቂቃ ጥርት ካለው ሰማይ ይበልጣል። ከፍታችን ላይ ደግሞ አየሩ ስስ ስለሆነ መነሻው ራሱ ከፍ ያለ ነው። በሳተላይት የተሠራ የሰዓት አማካይ ይህን አያሳይም። በየሰከንዱ የሚያነብ ሴንሰር ግን ያሳያል። የሰሌዳው ኤሌክትሪክም በዚያው ቅጽበት አብሮ ዘሎ ነበር፤ ማስረጃው እሱ ነው።

ከዚህ የምንወስደው ተግባራዊ ነገር አለ። የፓምፑ መቆጣጠሪያና ፊውዙ ሲመረጡ ለ1,000 ብቻ ተለክተው መገዛት የለባቸውም። ትርፍ ያስፈልጋል።

መጋቢት 21

ጀርመን ሰዓቷን መልሳ አስቀደመች። ስብሰባው ወደ 9 ሰዓት ተመለሰ።

የመጀመሪያው የጋራ ጽሑፍ ረቂቅ ተጠናቋል። ኦሲሎስኮፑን አምጥቶ ችግሩን ያገኘው ቴክኒሻን ስሙ ከደራሲዎቹ ጋር ይገባል። በዚህ ላይ ሦስቱም ቡድን በአንድ ድምፅ ተስማምቷል። የሳጥኑ ሥዕል፣ ኮዱና የዕቃዎቹ ዝርዝር አብረው ይለቀቃሉ።

ወደሚቀጥለው ሥራ የሚወስደን ግን ጽሑፉ አይደለም፤ ግራፉ ላይ የታየ ነገር ነው። ባለፉት ሳምንታት ጉድጓዱ ፓምፑ በጠፋበት ሰዓት፣ አመሻሽ ላይ፣ ሲቀንስ አየን። መጀመሪያ ሴንሰሩን ፈተሽን፤ ደህና ነው። ባሮሜትሩንም አየን፤ እሱም ደህና ነው። ግራፉን ወስደን ለገበሬው አሳየናቸው። ሰዓቱን ብቻ ጠየቁ። 11 ሰዓት አካባቢ ስንላቸው «የጎረቤቴ ሞተር ነው። እሱ ማታ ማታ ነው የሚያጠጣው» አሉ።

ሁለቱ ጉድጓዶች በአጥር ነው የሚለያዩት። ከታች ግን የሚቀዱት ከአንድ ውሃ ነው። ጎረቤትየው ግራፉን ሲያይ አልተቆጣም፣ አልካደምም። የራሱን ጠዋት የሚነግረው መልእክት እንዲደርሰው ነው የጠየቀው፤ በአማርኛ። ሁለተኛው ሳጥን ከፋሲካ በኋላ እሱ ጉድጓድ ላይ ይገጠማል። ለሞተሩ ሶላር ስለሌለው ለሳጥኑ ብቻ የምትሆን ትንሽ ሰሌዳ ተገዝታለች። ናይቫሻዎቹም በዚያው ወር ሁለት ጎን ለጎን ያሉ ጉድጓዶችን ለመለካት ዕቃ እያዘዙ ነው። ሞዴሉ ሁለት ጉድጓድ አንድ ላይ እንዲያሰላ ጀርመን ውስጥ እየተሠራበት ነው።